በእኔ ምላስ የልጄ ጀርባ እንዳይገረፍ

ለክቡር የበላይ ችሎት ዳኛ
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 12፣ ሐሙስ ጧት

ጉዳዩ፦ በእኔ ጥፋት በልጄ ላይ የተፈረደው ግርፋት እንዲቆም፣ ይህ ካልሆነ ወደ እኔ እንዲዛወር ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ዕድሜዬ ሰባ አንድ፣ ሙያዬ ኮርቻ ሰፊ፣ ሁለት ጥርስና አንድ ረጅም ምላስ የቀረኝ ሽማግሌ ስሆን፣ የደረሰብኝን በደል ከዚህ በታች በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ተጠሪው የአራቱ በር ጌታ፣ የወንዝ ማዶ ገዥ፣ የቀኝ ጦር አዛዥና የርስቱ ዳኛ ናቸው። አራቱንም ማዕረግ አሟልቼ ጽፌያለሁ፤ አምስተኛ ክስ እንዳይከፈትብኝ ነው። ከእንግዲህ «ባላባቱ» የምላቸው ለወረቀት ቁጠባ እንጂ ለንቀት አይደለም።

2. ባለፈው ቅዳሜ ባላባቱ ያዘዙትን ኮርቻ በፈረሳቸው ላይ ሊያስለኩ ወደ ሥራ ቤታችን መጡ። በደንቡ መሠረት ማዕረግ ጠሪያቸው አራቱን ማዕረግ ከነታሪካቸው ጠርቶ እስኪጨርስ ማንም አይቀመጥም፣ አይናገርም፣ ሥራም አይነካም። ልጄ ትኩስ ሙጫ በብሩሽ እንደያዘ ቆመ። ጠሪው ገና ሁለተኛው ማዕረግ ላይ ሳለ ሙጫው ብሩሹ ላይ ደረቀ። እኔም አላስችል ብሎኝ፣ «ልጄ፣ በዚህ ፈረስ አትለካ፤ አራተኛው ማዕረግ እስኪደርስ በእርጅና ይሞታል። የልጅ ልጁን ጠብቅ» አልኩ። ቆዳ ቆራጫችን ሳቀ። የባላባቱ አሽከሮች ሳቁ። ፈረሱ ሳይቀር አሽካካ።

3. ባላባቱ ግን አልሳቁም። የቆዳ ቆራጩን አፍ በጦር እንጨት አስመቱት፤ ሦስት ጥርሱ ከቆዳ ቁርጥራጩ መሃል ተበተነ። ከዚያም ባልተጨረሰው ኮርቻ ላይ ተቀምጠው እዚያው ችሎት አስቻሉ። በሹመት ደብዳቤያቸው መሠረት በአንድ ክስ ከሃያ ጅራፍ በላይ መፍረድ አይችሉም፤ ካለፈ ጉዳዩ ወደ እርስዎ ችሎት ይመጣል። እሳቸው ግን የእኔን አንድ ቀልድ አራት ክስ አደረጉት፤ አራቱ ማዕረጎች እያንዳንዳቸው ተሰድበዋል ተባለ። አራት ጊዜ ሃያ። አንድ አፍ በአንድ ትንፋሽ አራት ጌታ መስደብ እንደሚችል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

4. ሕጉ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው አይገረፍም ይላል። ደስ ሊለኝ ሲል ባላባቱ ሌላ አንቀጽ አወጡ፤ ሊቀጣ በማይችል ሰው ፋንታ የቤቱ ራስ ይቀጣል። እኔ ደግሞ ቤቱንም ሥራውንም ከሦስት ዓመት በፊት በውል ለልጄ አስተላልፌያለሁ። ልረፍ ብዬ ነበር።

5. ልጄ ሰኞ ሃያ፣ ትናንት ሃያ ተገረፈ። ሁለቱንም ቀን ቆሜ እንዳይ ተገድጃለሁ። ሰኞ ቆዳው ተላጠ። ትናንት በተላጠው ላይ ስለወረደበት ደሙ ግድግዳውን ረጨው። አሥራ አራተኛው ላይ ራሱን ሳተ። በባልዲ ውሃ ቀሰቀሱትና ቀሪዎቹን ስድስት ጨመሩለት። ጅራፉ ከእኛው ቤት የወጣ፣ ልጄ ራሱ የጎነጎነው ነው። እንዳይላላ አጥብቆ መጎንጎን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

6. ወጌሻው እስር ቤት ገብቶ አይቶት፣ «አባባ፣ የጎድን አጥንቱ ይታየኛል፤ ሦስተኛውን አይችለውም» ብሎኛል። ሦስተኛው ነገ ጧት ነው። ምራቴ፣ «ያን ምላስዎን አንድ ቀን እንኳ ቢነክሱት ምን ነበረበት!» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ልጄ ግን በሆዱ እንደተኛ፣ «አባዬ፣ ቀልዱ እኮ ጥሩ ነበር» አለኝ። ክቡርነትዎ፣ ከዚያው ተነሥቼ ወደ ችሎትዎ መጣሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ) አራቱ ክሶች አንድ ክስ መሆናቸው ተረጋግጦ፣ ሃያውም ከነትርፉ ስለተፈጸመ ልጄ ዛሬውኑ እንዲለቀቅ፤

ለ) ይህ ካልሆነ፣ በዕድሜዬ ያገኘሁትን መብት በገዛ ፈቃዴ ትቼዋለሁና ቀሪው አርባ በእኔ ላይ እንዲፈጸም። መብቱን መተው አይቻልም ከተባለ ዕድሜዬ ይቀነስልኝ። የተወለድኩበትን ዓመት የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከሃያ በላይ መቁጠር አትችልም ነበር። ስልሳ ዘጠኝ ነህ ብለው ቢፈርዱብኝ ይግባኝ አልልም።

ይህን የምጽፈው ከችሎትዎ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሸሚዜን አውልቄ ነው። ዘበኛው፣ «ኧረ አባት፣ ይፈሩ እንጂ፣ ይልበሱ!» ቢለኝ፣ «ጀርባዬን እያለማመድኩት ነው» ብዬዋለሁ። ውሳኔዎ በ«ሀ» ከሆነ በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ ባላባቱ ያለ ማኅተም አያምኑም። በ«ለ» ከሆነ ጽሑፍ አያስፈልገኝም፤ ልጄ እጁ ተፈትቶ ከእስር ቤቱ ሲወጣ ካየሁ እኔው እገባለሁ። ብቻ ከግቢው እስኪርቅ ድረስ አይጀመር። እኔ እሱ ሲገረፍ አይቻለሁ፤ እሱ እኔን እንዲያይ አልፈልግም።

ከብርቱ አክብሮትና ከቸኮለ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የኮርቻ ሰፊው አባት