የያሲን ግግና የእኔ ክራንቻ

ሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ጊዜ አስቀመጠው። ልጄ ያሲን ገና ሰባት ወሩ ነው። ትናንት ሲጀምረው ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት፤ ዛሬ ግን ትኩሳትም አለው። ጣቱን ከአፉ አያወጣም፣ ለሃጩ አንገቱን አርሶታል።

ጎረቤታችን እትዬ አለሚቱ ምግብ ቤታቸውን ለሠራተኛ ትተው መጡ። ድዱን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «ሰሚራ፣ ይሄ ግግ ነው። ካልተነቀለ ተቅማጡ አይቆምም።» ሸሪካት ሰፈር የምትነቅል ሴትዮ አለች፤ እዚህ ሰው አገር የተወለደ የብዙ ሐበሻ ልጅ ነቅላለች አሉ።

እኔም አየሁት። ከታች፣ ግራና ቀኝ፣ ነጣ ያለ እብጠት አለ። ወይስ ድሮም ነበር? የሕፃን ድድ ምን እንደሚመስል ለካ አላውቅም።

ማክሰኞ

ጀማል እናቱ ጋ ደወለ። እሳቸውም ግግ ነው አሉት። «ሁለት ትልልቅ ሰው አንድ ነገር ካሉ እኛ ማን ነን?» ይለኛል ባሌ። በምን እንደምትነቅል እትዬ አለሚቱን ጠየቅኳቸው። «በመርፌ ነው፣ ቶሎ ያልቃል» አሉኝ።

የቤታችን ጥርስ ሁሉ እንዲህ ነው፦
ያሲን፦ ግግ (?)
ሂክማ፦ የኋላ ጥርሷ ጠቁሯል። ሰባት ዓመቷ ነው፣ የወተት ጥርስ ነው ይወድቃል ብለን ትተነዋል።
ጀማል፦ ከረመዳን ጀምሮ በአንድ ጎን ነው የሚያኝከው። ቅርንፉድ ነክሶ ማላኪያ ገበያ ወዳለው ሱቁ ይሄዳል።
እኔ፦ ምንም።

ነገ ጠዋት ሸሪካት እንድንሄድ ተስማማን። እኔ መስማማቴን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ረቡዕ

አልሄድንም። ሂክማ ጉንጯ አብጦ፣ እያለቀሰች ነቃች። ጀማል «መጀመሪያ እሷን ጥርስ ሐኪም እናሳያት፣ ሸሪካት ከሰዓት ይደርሳል» አለ። በረክሻ፣ እኛ አገር ባጃጅ በምንለው፣ ተጭነን አራታችንም ሄድን።

በተሰባበረ ዓረብኛ ስጀምር ዶክተሯ ሳቀች። «በአማርኛ ንገሪኝ እህቴ፣ በስደት ጋምቤላ ነው ያደግኩት።» ለሂክማ መድኃኒት አዘዘችላት፤ እብጠቱ ሲቀንስ ጥርሱ ይነቀላል።

«ይወድቅ የለ? ለምን ይታከማል?» አልኳት።

«ሲመረቅዝ ከሥሩ የሚመጣውንም ያበላሸዋል።»

ጀማል ሳይወድ ወንበሩ ላይ ወጣ። የሱ ይሞላል። ከዚያ የያሲንን ነገር ነገርኳት። አፉን በመብራት አየችው። «ግግ የምትሉት ያልበቀለ ጥርስ ነው። በሽታ አይደለም። መርፌ እንዳታስነኩት፤ ከሥሩ ያለውንም ያጠፋዋል። ተቅማጡን ዛሬውኑ የሕፃናት ሐኪም ይየው።»

ልንነሣ ስንል «አንቺስ?» አለችኝ። ተቀመጥኩ። አፌን ስታይ ብዙ ቆየች።

«የታች ክራንቻዎችሽ የታሉ?»

«አልበቀሉም። እንዲሁ ነው የተፈጠርኩት።»

«ሁለቱም? ሕፃን ሆነሽ ግግ ተነቅለሽ ነበር?»

ማንም አልነገረኝም አልኳት። ከዚያ የሕፃናት ሐኪም ጋ ሄድን፤ ኦአርኤስና ዚንክ ሰጡን። ከሰዓት ስለ ሸሪካት ማንም አላነሣም።

ሐሙስ

ጅማ፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማ፣ ግግ አስነቅለሽኝ ነበር?»

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ። የዶክተሯን ጥያቄና የያሲንን ነገር ነገርኳት።

«የስምንት ወር ልጅ ነበርሽ። ከአንቺ በፊት የነበረውን ወንድምሽን በተቅማጥ ቀብሬ ነበር። አንቺንም ሲጀምርሽ ምን ላድርግ? ነቀሉሽ፣ ቆመልሽ።»

«በራሱ ቆሞ ቢሆንስ?»

«በምን አውቃለሁ ልጄ?»

ለእትዬ አለሚቱ ስነግራቸው «አየሽ! ተነቅለሽ ነው የዳንሽው!» አሉ። ዶክተሯ ያለችውን ሳስብ ደግሞ ሌላ ነው። ወንድም እንደነበረኝስ ለምን አላውቅም ነበር? ስሙን እንኳ አልጠየቅኳትም። ያሲንን ኦአርኤስ በማንኪያ ሳጠጣው ዋልኩ። በመካከል ሁለት ጊዜ «ብሳሳትስ?» ብዬ ሸሪካት ልወስደው ጫማዬን አድርጌ መልሼ አወለቅኩ። ዛሬ ሦስት ጊዜ አስቀመጠው።

ዓርብ

አንድ ጊዜ ብቻ። ትኩሳቱም የለም። ጡት በደንብ ጠባ። የሂክማ ጉንጭ ጎድሏል፣ ጥርሷ ሰኞ ይነቀላል። እትዬ አለሚቱ ግንባሩን ዳስሰው «እንግዲህ አልሐምዱሊላህ በይ» አሉኝና ለምሳ ሥራቸው ሮጡ።

ኦአርኤሱ ነው? ዚንኩ ነው? ወይስ ጊዜው ደርሶ ነው? እንጃ።

ከሰዓት እማ ራሷ ደወለች።

«አስነቀልሽው?»

«አላስነቀልኩም። ድኗል።»

«ደግ አደረግሽ» አለች። ቀጥላም፣ «የተነቀልሽበት ቦታ ያምሻል እንዴ?»

«አያመኝም እማ።»

ስታለቅስ ሰማኋት። ይቅር በይኝ እንዳትለኝ ፈራሁ፤ ምን እንደምመልስላት አላውቅም። አላለችም። ያሲንን አንሥቼ ስልኩን አፉ ላይ ያዝኩለት። የራሱን ቋንቋ ሲያወራላት ቆየ።