እጄን እንዳያስሩኝ

ሉያንዶ፣

ከገበያው ጀርባ ያለው ፖሊስ ጣቢያ እየሄድኩ ነው። መጥተው ከሚጎትቱኝ ራሴ ልቅደማቸው።

የበቆሎ ገንፎው፣ ንሺማው፣ ድስት ውስጥ አለ። የካፔንታ ዓሳውን ድመቷ ሳትቀድምሽ ብዪ። የዊልቸርሽን ጎማ ነፍቼዋለሁ።

«ሂጂና ለሥነ ልቦና አማካሪዋ ንገሪያት፣ ይቀልሻል» ብለሽ የጨቀጨቅሽኝ አንቺ ነሽ። ሄድኩልሽ! በእጄ የማወራውን እንዲተረጉምላት ማንን እንዳስቀመጠች ታውቂያለሽ?

ሲያማቦን።

መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሳለሁ «በአፍሽ ተናገሪ» እያለ እጄን ከወንበር ጋር በሽቦ ያስር የነበረውን መምህር። አንጓዬ ላይ ያለውን ጠባሳ ስንቴ አይተሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ከየት መጣ አላልሽም።

እያየኝም ቢሆን ነገርኳት። ሽቦውን፣ ደሙን፣ ሁሉንም። እሱ ምን ብሎ እንደተረጎመላት ከከንፈሩ አነበብኩ፦ «ቤቷ ናፍቋት ነው የምታለቅሰው።» እሷም ራሷን ነቅንቃ ጻፈች።

የውሃውን ጆግ አንስቼ አፉ ላይ ሰበርኩት። ጥርሱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልደግመው ስል አማካሪዋ መሃል ገባችብኝ፣ ትቻቸው ወጣሁ። አልቆጨኝም።

የለበስኩት ያንቺን ነጭ ሸሚዝ ነበር። ባጥበው ባጥበው ደሙ አልለቅ አለ። ለሸሚዙ ይቅርታ።

ይህን እንዳነበብሽ ነይ። የእጄን ቋንቋ ከአንቺ ሌላ ሳያጣምም የሚነግርልኝ የለም። ስትተረጉሚልኝ እንዳታለሳልሺው፤ «መታሁት» ካልኩ «መታችው» በይ።

ከሁሉ በፊት ግን በካቴና ካሰሩኝ አስፈቺልኝ። እጇን ብቻ ነው ያሰርነው ይሉሻል። አፏን ነው ያፈናችሁት በያቸው።

ሙቲንታ