የነጩ አንበሳ መምህር፦ የምናሴ አዘዘ የሕይወት ታሪክ

መምህር ምናሴ አዘዘ ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ተክለ ጊዮርጊስና ከአባታቸው ከአቶ አዘዘ ቢሻው በመጋቢት ወር 1973 ዓ.ም. በባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ተወለዱ። የአባታቸውን ስም እንዳልጽፍ የመከሩኝ ነበሩ። የእናታቸው ታናሽ ወንድም ነኝና ጻፍሁት።

ሲወለዱ ጠጉራቸውም ቆዳቸውም ነጭ ነበር። አቶ አዘዘ በሚሠሩበት ፋብሪካ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ስለ ነበር ጎረቤት የመሰለውን አወራ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው እናቲቱ በታቦት ፊት እንዲምሉ ፈረዱ። ወንድ የወለደች አራስ ደግሞ አርባ ቀን ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። «አርባዬ ይሙላና እምላለሁ፤ ሥርዓት አላፈርስም» አሉ። አቶ አዘዘ ግን መሐላውን ብትፈራ ነው ብለው ክርስትናው ሳይደርስ ወደ መሸንቲ ሄዱ፤ እዚያው አግብተው ወለዱ።

መምህር ምናሴን እናታቸው ልብስ እየሰፉ አሳደጓቸው። እርሳቸውም ዓይናቸው ከሩቅ ስለማያይ መጽሐፉን ከአፍንጫቸው አስጠግተው እያነበቡ በ1996 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመረቁ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ2001 ዓ.ም. ወይዘሮ ዜማ ሣህሉን አግብተው ልጃቸውን ቃልኪዳንን ወለዱ።

ተማሪ ሁሉ የሚጠብቀው ትምህርታቸው የነጭ አንበሳው ነበር። ነጭ አንበሳ ሌላ ዘር አይደለም፤ ቡኒ እናትና ቡኒ አባት ይወልዱታል። ሁለቱም ነጩን ዘረመል ሳይታይባቸው ይሸከማሉ፤ ደቦሉ ነጭ የሚሆነው ከሁለቱም ሲወርስ ብቻ ነው። የአንበሳው ዓይን ቀለሙን ስለማያጣ የእርሳቸው ንጣት ከዚያ ይለያል፤ አወራረሱ ግን አንድ ነው ይሉ ነበር። ተማሪዎቻቸው «ነጩ አንበሳ» ሲሏቸው ይስቁ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. የአንበሶቹን ሥዕል ይዘው መሸንቲ ሄዱ። የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፦ አባታቸው በሽማግሌ ፊት «ልጄ ነው» ብለው እናታቸውን ከሐሜት እንዲያወጡ። አቶ አዘዘ አዳመጡ፤ ገባቸውም። የከፋውም መግባቱ ነው። «እንግዲያ እኔም ተሸክሜዋለሁ። ይህን ካመንሁ ሴቶች ልጆቼን ማን ያገባልኛል?» ብለው አሰናበቷቸው። ፊት ሳያውቁ ካዱ፣ ኋላ አውቀው ካዱ። መምህር ምናሴ ከዚያ ወዲህ ስማቸውን አላነሱም፤ ትምህርቱን ግን አላቋረጡም።

የጣና ዳር ፀሐይ ለእንዲህ ያለ ቆዳ አይራራም። ባርኔጣ ከራሳቸው ባይለይም ጆሯቸው ላይ የወጣው ቁስል የቆዳ ካንሰር ሆነ። ሐኪም ሲያየው ሥር ሰዶ ነበር። ብዙ ተሠቃይተው ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በ44 ዓመታቸው ሹም አቦ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ።

ትናንት አቶ አዘዘ ወደ ድንኳኑ መጥተው ነበር። እናቲቱ ከሐዘንተኞቹ ተርታ፣ ከጎናቸው፣ ቦታ ለቀቁላቸው። እርሳቸው ግን ከለቀስተኛው ጋር ተሰልፈው «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ፤ ከእንግዶቹ መካከል ጥቂት ተቀምጠውም ሄዱ። ልባችን ቆሰለ። ከእንግዲህም የምንጠብቀው የለም።

መምህር ምናሴ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና አንዲት ሴት ልጃቸውን በዕንባ ትተው ሄደዋል። በምድር የለመኑት አልሆነላቸውም። የሰማዩ አባት «ልጄ» ብሎ ይቀበላቸው። አሜን።