የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ዝም ያለ ጊዜ

የካቲት 3

ደህና ቀን። ሁለት ራዲዮ ጠግኜ ለባለቤቶቻቸው መለስኩ። አንደኛው ውስጥ የሞተ በረሮ ነበር። "ዜና አንባቢው ሞቶ ነው" ብዬ ሰጠኋቸው። አልሳቁም።

የእህቴ ልጅ ከጠዋት ጀምራ ኮምፒውተሯ ፊት ናት። ዓይኗ ስለማያይ የሚሠራላት ፕሮግራም አለ፤ የተጻፈውን ድምፅ አውጥቶ ያነብላታል። ድምፁ ግን... ጉንፋን የያዛቸው ባልቴት!

"ዛሬም አልተሻላቸውም እመት ጉንፋኔ?" አልኳት።

"አንተ ስታንኮራፋ ከምሰማ እሳቸው ይሻሉኛል አጎቴ።"

አፏ! ዳኛዬ ብዬ የምጠራት ወድጄ አይደለም።

ማተሚያ ቤቱ ለሙከራ ስልሳ ገጽ በዲስክም በወረቀትም ሰጥቷታል። ስህተቱን ለቅማ እስከ የካቲት 20 ካስረከበች አራሚ አድርጎ ይቀጥራታል። ስድስት ቦታ አመልክታ በር የከፈተላት እሱ ብቻ ነው።

የካቲት 5

እሷና እናቷ ገበያ እንደወጡ ኮምፒውተሩን ፈታሁት። የእመት ጉንፋኔን ድምፅ አጥርቼ ላስደንቃት ነበር። አሮጌውን የድምፅ ካርድ ነቅዬ ሱቅ ወሰድኩ፣ በልዋጭ አዲስ አመጣሁ፣ ገጠምኩ። ሙዚቃ ከፈትኩ... ጥርት ያለ! ብቻዬን ጨፈርኩ።

ከዚያ የማንበቢያውን ፕሮግራም ከፈትኩ። ጭጭ። እንደገና ከፈትኩ። ጭጭ።

"ምን ሆነ?" አለችኝ ስትመለስ።

"አሮጌው ካርድ ተቃጠለ። አዲስ ገዛሁልሽ።"

ለምን ዋሸሁ? አፌ ቀደመኝ። "እግዜር ይስጥልኝ አጎቴ" ብላ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። ይሄ ባሰብኝ።

የካቲት 6

ሱቁ ሲከፈት ደረስኩ። አሮጌውን ካርድ ትናንት ማታውኑ አንድ መንገደኛ ገዝቶት ሄዷል። ማን? ባለ ሱቁ ትከሻውን ሰበቀ። እንደሱ ያለ ሌላም የለውም።

የካቲት 9

ስልክ ስንደውል ዋልን። የካርዱ ድርጅት፦ "ችግሩ ከፕሮግራሙ ነው።" የፕሮግራሙ ድርጅት፦ "ችግሩ ከካርዱ ነው።" የፕሮግራሙን ድርጅት ስልክ የሚያነሣውን ሰው አቶ አጥፍተው ያብሩት ብዬዋለሁ፤ ሌላ ቃል አያውቅም። አጠፋን፣ አበራን። አጠፋን፣ አበራን።

አንድ ጊዜ ስልኩን ራሷ ተቀበለች።

"እስክሪኑ ላይ ምን ይታይዎታል?"

"አይታየኝም።"

"ጠጋ ብለው ይመልከቱ እስቲ።"

ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ቀልድ ፈለግኩ... አጣሁ።

የካቲት 12

የፕሮግራሙ ድርጅት የላከልንን ዲስክ ጫንኩ። ምንም። ደወልኩ። እሷም እንድትሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌው ነበር። አቶ አጥፍተው ያብሩት ነው ያነሣው። ዛሬ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ጥያቄ ጠየቀ።

"አሮጌው ካርድ ሲነቀል ይሠራ ነበር?"

ከጎኔ ቆማለች። ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ሄሎ? ይሠራ ነበር ወይ?"

"...ይሠራ ነበር።"

"እንግዲያው እሱን መልሰው ይግጠሙት" ብሎ ዘጋ።

"ተቃጠለ አላልከኝም?" አለች። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ "ምናለ እጅህ አርፎ ቢቀመጥ!" አለችኝ። እህቴን እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም። ግድግዳውን እየዳሰሰች ክፍሏ ገባች። በዚህ ቤት ግድግዳ ዳስሳ አታውቅም ነበር።

የካቲት 13

በሯን አንኳኳሁ። "እኔ አነብልሻለሁ። ስህተቱን ስትነግሪኝ ወረቀቱ ላይ በቀይ እጽፋለሁ።"

በሩን ከፈተችልኝ። "ምን ምርጫ አለኝ?"

የካቲት 16

ሠላሳ አንድ ገጽ ደረስን። ስለ ጉድጓድ ውኃ አያያዝ ነው። የጻፈው ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የጻፈው ይመስላል። ጆሮዋ ግን ጉድ ነው! "ገጽ አራት ላይ ጥልቀቱ ስምንት ሜትር ብሏል፣ እዚህ አሥራ ሁለት" ትለኛለች። ሄጄ ሳይ እውነት።

ታይፒስቱ አንዳንዱን መስመር ሁለቴ ደግሞ መትቶታል። እሱን እዘለዋለሁ። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ እሷም ደክሟታል፤ አንዱን ነገር ሁለቴ ምን ያደርግላታል?

የካቲት 19

በአንድ ቀን ቀድመን አስረከብን። ስንመለስ መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ "ድምፅህ እኮ አይከፋም አጎቴ" አለችኝ። ደስ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ሳፏጭ ዋልኩ።

የካቲት 27

ደብዳቤ መጣ። እናቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ የማነብላት እኔው ነኝ እንጂ ማን አለ?

"ትጋትዎን አድንቀናል። ሆኖም ሁለት ጊዜ የተጻፉ አሥራ አንድ መስመሮች ሳይታረሙ..."

እዚህ ላይ ቆምኩ። መዝለል እችል ነበር። አላሳለፉሽም፣ በቃ፣ ብዬ ወረቀቱን ማጠፍ። ማን ያውቅብኛል?

አነበብኩት። እስከ ማኅተሙ።

"አሥራ አንድ?" አለች። "አንድም አልሰማሁም እኮ።"

"ዘልያቸው ነው።"

"ለምን?"

"እንዳይሰለችሽ ብዬ... እኔ ስህተት መሆኑን..." አልጨረስኩትም።

ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። "እመት ጉንፋኔ አይራሩልኝም ነበር" አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 28

ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ፣ ብቻዬን። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። ኃላፊዋ በትሕትና ሰማችኝ። ቦታው ተይዟል።

መጋቢት 1

የፕሮግራሙ ድርጅት ጻፈ። አዲሱ ካርድ የሚሠራው ከሚቀጥለው እትም ጋር ነው። እትሙ የሚወጣው በሚመጣው ዓመት ነው።

መጋቢት 4

ዛሬ ራሷ ጠራችኝ። ጋዜጣ ይዛለች። "እስኪ አንብብ። እንዳለ።"

አነበብኩ። ቀልድ አልጨመርኩም፣ ድምፄን አልቀያየርኩም። ሦስተኛው ዓምድ ላይ አንድ መስመር ሁለቴ ታትሟል። ሁለቴ አነበብኩት። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ... ፈገግ ትል እንደሆነ።

"ቀጥል" አለችኝ።

አጎቴ አላለችም። ቀጠልኩ።