ቁልፉ ልብስ ሰፊዋ ጋ አለ?

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽንስ እንዴት አደረገሽ? ተሻለሽ ወይስ ዛሬም "ደህና ነኝ" እያልሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ነው ደረጃ የምትወጪው? አባዬስ መነጽሩን አገኘው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እንዲያውም ቀሎኝ ነው የምጽፍልሽ። ከፖስታው የወደቀውን ነገር ለጊዜው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። ደብዳቤ ከመጨረሻው መጀመር እንደምትወጂ አውቃለሁ፤ የዛሬውን ግን እባክሽ ከላይ ጀምሪልኝ።

"መቼ ልምጣ?" ባልሽኝ ቁጥር ወሬ እየቀየርኩ ያለፍኩሽ ወድጄ አይደለም። ሥራዬ የሙከራ ነበር። ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር የተቀመጠው ሰው በአንድ ስህተት ተሰናብቷል። እኔም ብባረር የቤት ኪራይ የምከፍልበት የለኝም፤ ሻንጣሽን ሳትፈቺ አብረን መንገድ ላይ እንዳንቀር ፈራሁ። ሙከራው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ያው ስህተት እኔም ላይ መጣ።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። ራውተር የሚባል፣ መጽሐፍ የሚያክል ሳጥን አለ። የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ከውጭ ጋር የሚገናኙት በእሱ በኩል ነው፤ በር በይው። እኛ ቢሯችን ተቀምጠን የሩቅ ክሊኒኮችን ራውተሮች እናስተካክላለን። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ በየመስመሩ ይጻፍለታል። ትእዛዙ ልክ ከሆነ ዝም ይላል፤ ስትሳሳቺ ብቻ ይናገራል። ወጡ ጨው ሲበዛበት ብቻ አፉን የሚከፍተውን አባዬን አስቢ። የከፋው ግን አሳምረው የጻፉት ጥፋት ነው፤ እሱንም ዝም ብሎ ይፈጽመዋል።

የዚያን ቀን በመኪና ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ክሊኒክ ራውተር ላይ ደንብ እጽፍ ነበር። እነ እገሌ ይግቡ፣ ሌላው ሁሉ ይከልከል የሚል ነው። ጽፌ ላክሁት። ስክሪኑ ደረቀ። ለካስ ከሚገቡት ውስጥ የራሳችንን ቢሮ ረስቼዋለሁ፤ በሩን በራሴ ላይ ዘግቼዋለሁ። የክሊኒኩንም መንገድ አብሬ ቆርጬው ኖሮ ወዲያው ሲስተሯ ደወለች። ክንዱ የተሰበረ ሰው ራጅ ለሐኪሙ እየላከች ሳለ መስመሩ ጠፋባት። ክው አልኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የተባረረው እንዲህ አድርጎ ነው፤ መኪና ሄዶ እስኪያስተካክለው ክሊኒኩ ያለ መስመር ዋለ።

ወተት ጥደሽ በሩን ከውጭ የሳብሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ እማዬ? ቁልፉ ውስጥ፣ እኛ ውጭ፣ ጭሱ በመስኮት። አናጢው መስታወቱን ሰብሮ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛውን ቁልፍ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ አስቀመጥሽ፤ በር ከመሳብሽ በፊትም "ቁልፉ ልብስ ሰፊዋ ጋ አለ?" ሳትዪ ወጥተሽ አታውቂም። ስንት ጊዜ ሳቅንብሽ። ለእኔ ግን ሳላውቀው ተጋብቶብኛል። ራውተር ከመንካቴ በፊት ሁልጊዜ አንድ ትእዛዝ እሰጠዋለሁ፤ ተው ካላልኩህ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጠፍተህ እንደገና ተነሣ እለዋለሁ። ሲነሣ ደግሞ አስቀምጥ ያልተባለውን ሁሉ ይረሳና ወደ ድሮው ይመለሳል። የዚያን ቀንም ብዬው ነበር። ባልደረቦቼ ፈሪ ይሉኛል፤ እኔ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ችያቸዋለሁ።

ለሲስተሯ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ትንሽ እንድትታገሠኝም ነገርኳት። አለቃችን ሰምቶ መጣ። ለሁሉ ነገር "እስቲ ልየው" ስለሚል ስሙንም እስቲ ልየው ብለነዋል። እስቲ ልየው አለና አየው። እውነቱን ነገርኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ያቺ ጥቂት ደቂቃ እንዴት እንደረዘመች አትጠይቂኝ። ትእዛዙን አሳስቼው ቢሆንስ እያልኩ ጥፍሬን በላሁ። በመጨረሻ ሲስተሯ በስልኩ "ኧረ የሳጥኑ መብራት በራ፤ ራጁም ሄደልኝ" አለችኝ። እፎይ አልኩ። አለቀስኩም፤ አላፍርበትም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ደንቡን ከነመመለሻው እንደገና ጻፍኩት፤ የእኛን ቢሮ ከሁሉ አስቀድሜ። መሥራቱን አየሁና አስቀመጥኩት፤ መመለሻውንም ተው አልኩት። እስቲ ልየው "ይህን ማን አስተማረሽ?" አለኝ። እናቴ አልኩት። ኔትወርክ ታውቃለች ወይ ቢለኝ፣ በር ታውቃለች አልኩት። ዓርብ ዕለት ቋሚ ሠራተኛ አደረገኝ። አሁን ቢሯችን ውስጥ "ቁልፉ ልብስ ሰፊዋ ጋ አለ?" ሳይባባሉ ራውተር የሚነካ የለም፤ ሰዎቹ ልብስ ሰፊዋ ማን እንደሆነች እንኳ አያውቁም።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ካልሆነ ኪሱ ውስጥ ነው። እህቴን ሹራቤን እንደወሰደች ማወቄን፣ መርቄም እንደሰጠኋት ንገሪያት። ልብስ ሰፊዋን ከነመቀሷ ሰላም በይልኝ። አናጢውንም አትርሺው።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥሽውን አንሺው። የቤቴ ሁለተኛ ቁልፍ ነው። እዚህ አደራ የምሰጣት ልብስ ሰፊ የለችኝም፤ ቢቆለፍብኝም ከዚያ ሆነሽ አትከፍቺልኝም። ቢሆንም አንቺ ጋ ይሁን። ስትመጪ እኔ ሥራ ላይ ብሆን ደጅ ቆመሽ እንዳትጠብቂኝ፤ ከፍተሽ ግቢ።

ፈሪዋ ልጅሽ

ከኪራይ ቤቴ፣ መስኮቱ ሥር ሆኜ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን