«ሞር» አላሉም

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6፣ 2015። የምሳ እረፍት፣ አረጋውያን መጦሪያው
የክፍል 14 አሮጊት ዛሬም አልበሉም። ሦስተኛ ቀናቸው። አጠብኳቸው፣ ሎሽን ቀባኋቸው። ማንኪያ ሳቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ። ፋይሉ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ርብቃ፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ቋንቋ ዐረብኛ። ወደዚህ አገር ያመጣቸው ልጃቸው ዓምና ሞተ፣ ሌላ ሰው የላቸውም። የስልክ አስተርጓሚው በዐረብኛ ሲያናግራቸው ዝም። ዶ/ሩ የመርሳት በሽታ ነው አለ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሚቲንግ አለ፤ በሩ ወደሚቆለፈው ክፍል ሊያዛውሯቸው። እዚያ ገብቶ የተመለሰ አላየሁም።
ደብተሬ፣ እኚህ ሴትዮ አልዘነጉም። ዓይናቸውን አይቻለሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 7
ደረቴን ነክቼ «ሐበሻ» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «ሞሩ» አሉ። ደገሙት።
ይህን ቃል እኮ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። በእንግሊዝኛ «ሞር» ያሉ፣ ጨምሩልኝ ያሉ መስሎን ያልፈለጉትን ምግብ ስንቆልልባቸው ከረምን። አፈርኩ።
መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ሰርች አደረግኩ። ሞሩ ሕዝብ ነው። የራሱ ቋንቋ አለው። ገበሬ ነው፦ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ። አገሩ ዘንድሮም ጦርነት ላይ ነው። ጨምሩልኝ እያሉ ሳይሆን ዘራቸውን ነበር የሚነግሩን።

ዓርብ፣ ኦክቶ. 9
ሱፐርቫይዘሬ ሄለን ጠራችኝ። የሐበሻ ልጅ ናት፣ እዚሁ ያደገች፤ በዕድሜ ልጄን ታክላለች። ሞሩ የሚናገር ሰው እንፈልግ አልኳት። ሪኩዌስቱን አስገባለሁ፣ ሳምንታት ይፈጃል አለች።
«አልማዝ፣ ይሄ ያንቺ ጆብ አይደለም፣ ኦኬ?»
ኦኬ አልኩ። ወጥቼ የደቡብ ሱዳን ሰዎች ያሉባቸው ቤ/ክርስቲያኖች ሁሉ ጋ ደወልኩ። ስድስተኛው ላይ አንዲት ሴት አገናኙኝ። ኬዝያ ትባላለች፣ ቻምብሊ ሆቴል ውስጥ ላውንደሪ ትሠራለች። ሞሩ ናት። ነገ እመጣለሁ አለች፣ ምክንያት እንኳ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 10
እንዴት ልጻፈው።
ኬዝያ በር ላይ ቆማ አንድ ቃል ተናገረች። እማማ ርብቃ ተነሥተው ተቀመጡ። ከዚያ ወሬው ፈሰሰ። መጀመሪያ ጎሳ ለጎሳ ተጠያየቁ፤ የኬዝያ አያት መንደር ከእሳቸው ወንዝ ማዶ ነው። ኬዝያ እያለቀሰች ታስተረጉምልኛለች። ቤታቸው እርሻው መሀል ነበር። አሁን ሰሊጥ የሚታጨድበት ወቅት ነው። ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ። ደቦ ነዋ፣ አልኩ። እኛም አለን።
ለምን አይበሉም ብዬ አስጠየቅኋት።
«ውሻ ነው ብቻውን የሚበላው» አሉ።
ኬዝያ ያመጣችውን የማሽላ ገንፎ በሰሊጥና በቅጠል ወጥ ሦስታችን ከአንድ ሳህን በላን። ጥርግ አደረጉት።
ስንጨርስ ሄለን በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 15
ለሚቲንጉ አልተጠራሁም። ገባሁ። ዶ/ሩን የመርሳት ምርመራውን ጥያቄዎች በሞሩ ይጠይቁልኝ አልኩት። ተንፈስ አለ። ሄለንን አየ። ሄለን ወለሉን አየች። እሺ አለ፣ ኬዝያን በስልክ ስፒከር አስገባናት።
እማማ ርብቃ ቀኑን መለሱ። ወሩን መለሱ። የት እንዳሉ ሲጠየቁ፣ ልጄ የሞተበት አገር አሉ። ዶ/ሩ መልሱን ጻፈ።
ዝውውሩ ቀርቷል። ፋይሉ ላይ ዐረብኛ ተሰርዞ ሞሩ ተብሎ ተጻፈ፤ የጻፈችው ሄለን ናት።

ዓርብ፣ ኦክቶ. 16። ሊቶኒያ፣ ቤት
የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተሰጠኝ። ያለፈቃድ እንግዳ አስገብተሻል፣ የታካሚ ምስጢር አውጥተሻል ይላል። ሕጉ ልክ ነው፣ አልክድም። ግን ከታች አንድ መስመር አለ፦ ስህተት መሆኑን አምኛለሁ፣ አልደግመውም። ሄለን ቀስ ብላ፣ ፈርሚውና ይለፍ፣ እኔም አለቃ አለብኝ አለችኝ። አዘንኩላት።
ልጄ ደወለ፣ ፈርሚ አለ።
አልፈርምም። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ባዶውን እመልሳለሁ። ቢያባርሩኝ የጎብኚ ሰዓት በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ አሥር ይጀምራል፣ ጠይቄያለሁ። በፊት ለፊቱ በር፣ ከእማማ ርብቃ ጋር ልበላ እገባለሁ።