የእናቴ ወንድሞች

ኅዳር 4 ቀን 1954 ዓ.ም.

ዛሬ ሰባ ሁለት ሕፃን መዘንኩ። ክንዴ ዝሏል። አንዲት የወለቃ እናት ተንጠልጣይ ሚዛኑን አይታ «ልጄን አትስቀይብኝ!» ብላ ክሊኒኩን ሁሉ አሳቀችው።

ከሥራ ስወጣ ቁስቋም፣ እኅቴ ሐረገወይን ቤት ገባሁ። ልጇ ማሩ ሊስመኝ ሲመጣ በር ላይ ወደቀ። ሲነሳ አየሁት... መጀመሪያ በአራት እግሩ ሆነ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እየተከለ፣ በገዛ ገላው ላይ ወጥቶ ቆመ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እንዲህ የሚነሳ ልጅ አይቼ አላውቅም።

«ሰንፏል» አለ አባቱ፣ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ። ጎረቤቷ ደግሞ ባቱን እየዳበሰች «እዩት እስቲ፣ ሸጋ ባት! ይኼ ጎበዝ ነው የሚወጣው» ትላለች። እውነትም ባቱ ትልቅ ነው። ጭኑ ግን ቀጭን... ምነው?

ኅዳር 11

ቄሱ ትናንት ልጁን ገርፎታል። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ «አልወጣም» ብሎ ተቀመጠ አሉ። አልወጣም አለ ወይስ አልቻለም? ማንም አልጠየቀውም።

ኅዳር 19

የክሊኒካችን ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐረግ፣ ቄሱ፣ ማሩ። አስተርጓሚ እኔ። ምነው ሌላ ሰው ባስተረጎመ!

ፈረንጁ ማሩን መሬት አስቀምጦ «ተነስ» አለው። አንዴ ብቻ አየው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

የጡንቻ በሽታ ነው አለ። ጡንቻው ቀስ በቀስ ይሞታል። ባቱ ያበጠው ከጥንካሬ አይደለም፣ በጡንቻው ቦታ ስብ እየገባ ነው። መድኃኒት የለውም... ይህን ተረጎምኩ። እግሩ በቅርቡ ይከዳዋል አለ። ይህንንም ተረጎምኩ። ሃያ ዓመት አይሞላውም አለ። ይህን አልተረጎምኩም።

ቀጥሎ «ወንዶችን ነው የሚይዘው። የሚመጣው በእናት በኩል ነው» አለ። ቄሱ «ምን አለ?» አለኝ። ሐረግ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ሰውነቱን እሹለት አለ» አልኩ።

ኅዳር 20

ብቻዬን ተመልሼ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀት ላይ ሣለልኝ። እናት ጤነኛ ናት፣ ምንም አይታይባትም። ከምትወልዳቸው ወንዶች ግን እኩሌታው ይታመማል። ሴቶቹ አይታመሙም፤ እኩሌታዎቹ እንደ እናታቸው ይዘውት ይኖራሉ።

«ወንድም አላችሁ?» አለኝ። የለንም፣ ሁለት ሴቶች ነን። «እናታችሁስ ወንድም ነበራት?»

አላውቅም። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ እናቴ ወንድም ይኑራት አይኑራት አላውቅም።

ታኅሣሥ 2

ጠዳ፣ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ስንዴ ስትለቅም አገኘኋት። ስለ ማሩ ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«እማ፣ ወንድም ነበረሽ?»

«ምነው እሱን አነሳሽ?»

«ብቻ ንገሪኝ።»

«ሁለት ነበሩ። ወንዝ ዳር ክፉ መንፈስ መታቸው አሉ። እግራቸው ከዳቸው። ትልቁ በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ትንሹ በአሥራ አራት ሞቱ።» ከዚያ ወደ ስንዴው ተመለሰች። «እያዘልኩ ፀሐይ የማሞቃቸው እኔ ነበርኩ። ከባድ ነበሩ።»

ስማቸውን ጠየቅኳት። አልነገረችኝም። እንደምንም ብዬ ሐኪሙ ያለውን አስረዳኋት። «በደለኛዋ እኔ ነኛ» አለች። አይደለሽም እማ፣ ማንም አይደለም፣ በደም የሚወርድ ነው እያልኩ ለመንኳት። አልሰማችኝም። ስሄድ አልሸኘችኝም።

ምን አስኬደኝ? አንዲት አሮጊት ላቆስል ነው የተማርኩት?

ታኅሣሥ 3

ከእናቴ ወደ ሐረግ። ይኼ ተረጋግጧል። ከእናቴ ወደ እኔስ? እኩሌታ። ማወቂያ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ካልወለድሽ በቀር የለም» አለ ሐኪሙ። ወልዶ ማወቅ...

ጥር 15

የቢያዝን ሽማግሌዎች መጡ። ቢያዝን አዘዞ ያስተምራል። ሁለት ዓመት ጠብቆኛል። ሠርጉ ለግንቦት ተቆረጠ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

ሐረግ ስትነሳ ወገቧን ያዘች። ያን ጊዜ ነው ያየሁት... አምስት ወሯ ነው። ለማንም አልነገረችም ነበር።

ጥር 16

ብነግራት ምን ታደርጋለች? ባልነግራትስ? ሴት ይሁን። ሴት ይሁን። ሌላ ጸሎት የለኝም።

የካቲት 20

ቄሱ ማሩን ሃያ አንድ ቀን ጠበል ወሰደው። በእግሩ ሄደ፣ ታዝሎ ተመለሰ። ቄሱ ራሱ ከስቷል። «ምን በደልኩ?» አለኝ። ሊገስጸኝ መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው የጠየቀኝ። መልሱ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ያ የተሣለበት ወረቀት። አላወጣሁትም።

ሚያዝያ 25

ለቢያዝን ነገርኩት። ሠርጉ ሊደርስ ነው፣ ሳልነግረው አላገባም። አዘዞ መንገድ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ቆመን።

«አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ።»

«ሐረግም ጤነኛ ናት።»

ጠመኔ የነካ ጣቱን ኮቱ ላይ ጠረገ። እንደገና ጠረገ። «ለእናቴ አንድ ነኝ፣ ዓለም» አለ። ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ እንግዳ ሰው ተሰናብቶኝ ሄደ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር... ምን ብዬ?

ግንቦት 9

ሐረግ ምጥ ይዟታል ብለው ላኩብኝ። የሕክምና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ። ግቢው በር ስደርስ እልልታው ተጀመረ። ቆምኩ። ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ለሴት ሦስት ነው። አምላኬ፣ እዚህ ላይ ይቁም!

አራት።

ግንቦት 12

ሐረግ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀች። ሕፃኑ ጡቷ ላይ ነው።

«ያን ቀን ፈረንጁ ብዙ ተናገረ፣ አንቺ ትንሽ ተናገርሽ» አለችኝ።

ነገርኳት። ሁሉንም። ሃያ ዓመት የሚለውንም። የእናታችንን ወንድሞችም። አላለቀሰችም። የሕፃኑን እግር በጨርቁ ላይ ይዛ ቀረች።

«ይኼኛውስ?»

«እኩሌታ ነው፣ እቴ። ገና አይታወቅም።»

«ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ምንም። አንቺ ግን ብቻሽን አትይዢውም ነበር» አለች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ግንቦት 20

ለቄሱ ራሷ ነገረችው። ይቆጣታል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ገረፍኩት» ብቻ አለ አሉ። ሚስቱንም አልወቀሰም፣ እናታችንንም። «ያልቻለውን ልጅ ገረፍኩት።» በማግሥቱ ጧት ማሩን አዝሎ ትምህርት ቤት አደረሰው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ።

ግንቦት 29

ዛሬ ልዳር የነበረበት ቀን። ክሊኒክ ዋልኩ። ስልሳ አራት ሕፃን።

ሰኔ 18

የሕፃኑ ክርስትና። አርባ ቀኑ።

እናቴ ከጠዳ በአውቶቡስ መጣች። ከታኅሣሥ ወዲህ አይቻት አላውቅም። ሳመችኝ። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ቀረበች። «ሁለት ስም አለኝ፣ በጸሎት አስቡልኝ። አለነ። በላቸው። ወንድሞቼ ናቸው።» ሐረግም እኔም ሰማን። በሰው ፊት ስማቸውን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው።

ቢያዝን አልመጣም። አይመጣም።

ማሩ ካለፈው ወር ጀምሮ ብቻውን አይቆምም። ግድግዳ አስደግፈነው ተቀምጦ ነበር። «ወንድሜን ስጡኝ» አለ። ሐረግ አየችኝ። ክንዱም መድከም ጀምሯል፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ሕፃኑን አንስታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። እኔ ተንበርክኬ እጄን ከሥር ዘረጋሁ፣ ቢያመልጠው ብዬ።

ማሩ ቀና ብሎ አየኝ።

«እጅሽን አንሺ፣ እታለም። ይዤዋለሁ።»

አነሳሁ።